ሳይወለዱ የተመዘኑ

ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

ወጣቱ ባልደረባዬ ዶክተር ዘካሪያስ ዛሬ ማለዳ ወደ ሰሜን ግንባር በሚጓዘው መኪና ተሳፍሮ ሄደ፤ እኔም የጡረታ ዘመኔ ካለፈ በኋላ «ሰው እስኪገኝ» ተብዬ የቆየሁ ሽማግሌ፣ ቀድሞ የሚሲዮን በነበረው በዚህ የወላዶች ሕክምና ቤት ብቸኛው ሐኪም ሆኜ ቀረሁ። ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ ዓባይ፣ መሣሪያዋን አደራ» አለኝ። «እናቶቹንስ?» ስለው፣ «እነሱንማ መቼ ጥለዋቸው ያውቃሉ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም።

መሣሪያ ያለው ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣውን፣ በማሕፀን ያለውን ፅንስ በድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን አልትራሳውንድ ነው። እስከ ትናንት ሥራውን ለሁለት ተካፍለን ነበር፤ እርሱ ምስሉ በሚታይበት የመሣሪያው መስተዋት ላይ በፅንሱ ራስና ሆድ ዳርና ዳር ምልክት ያስቀምጣል፣ እኔ ደግሞ የወጣውን ልክ ይዤ በጀርመንኛ ከታተመው ሰንጠረዥ ክብደቱን እገምታለሁ። ከእንግዲህ ምልክቱንም የማኖረው እኔ ነኝ። በመስተዋቱ ግርጌ የሚወጡትን የሚሊሜትር ቁጥሮች ሲስተር ውብአየሁ ታነብልኛለች፤ ሠሪዎቹ ቁጥሮቹን ምን ያህል ደብዛዛ አድርገው እንደ ሠሯቸው አይነገርም። ሰንጠረዡን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ በጠረጴዛዬ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በማጉያ መነጽር።

ጥር ፳፬

ሻሺቱ የምትባል የጨንቻ ሴት፣ ጊዜዋ ሳይደርስ ደም እየፈሰሳት መጣች። ለካሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም። ከኪሎ በላይ ነው፤ ይኖራል። ሆዷን ቀድጄ ከፈትኋት። ሕፃኑ በሚዛን ዘጠኝ መቶ ሃያ። እስከ ቀትር ተነፈሰ።

ጥር ፳፭

ይህችን ሴት ያለ ጥቅም ቀደድኋት።

ከዘካሪያስ ጋር ያጸናነው ደንብ ግልጽ ነበር። የማሞቂያ ሣጥን በሌለበት፣ የሞቀ ውኃ በተሞላ ጠርሙስና በእናት ደረት ብቻ ሕፃን በምናቆይበት በዚህ ቤት፣ ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ፅንስ ይተርፋል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ለእርሱ ሲባል ሆዷ የተቀደደች እናት ደግሞ በሚመጣው እርግዝና ከደጋው ላይ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ምጥ ቢይዛት ጠባሳው ተተርትሮ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ከኪሎ በታች ለሆነ ፅንስ ቢላዋ አናነሣም። እኔ ግን አነሣሁ። ሻሺቱ ባዶ እቅፍና ጠባሳ ይዛ ጨንቻ ትወጣለች፤ ያ ጠባሳ በሚመጣው ዓመት ወይም በሚቀጥለው በየትኛው ጎጆ ውስጥ እንደሚከፈት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ጥር ፳፱

ዘካሪያስ በነበረበት ዘመን ግምታችን ከሚዛኑ እምብዛም አይርቅም ነበር። መሣሪያም እንደ ሰው ያረጃል ማለት ነው። ከዚህም ይልቅ ነገሩን ሳሰላስለው ጥፋቱ የሰንጠረዡ መሆኑን ተረዳሁ፤ የተሠራው ቅቤና ድንች ጠግበው በሚያድሩ የሩቅ አገር እናቶች ልጆች ልክ ሲሆን፣ የእኛ ትንንሾች ግን፣ በተለይም ከሁሉ የሚያንሱት፣ በዚያ ልብስ ውስጥ ሲገቡ ሰፍቶባቸው ትልቅ መስለው ይታያሉ።

ዛሬ አንዲት እርጉዝ ስለካ ሲስተር ውብአየሁ ከኋላዬ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ምልክቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ብንገፋው? ከአጥንቱ የወጣ መሰለኝ» አለችኝ።

«ሴትዮዋን ነው የማክመው ወይስ አንቺን?» አልኋት።

«ይቅርታ ጋሼ።»

በታካሚ ፊት ማለቷ ከነከነኝ እንጂ ክፉ ልጅ አይደለችም። አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ ከእኔ ፊት ተቀምጣ አታውቅም።

ከእንግዲህ ከሰንጠረዡ ከማገኘው ክብደት ላይ ሩቡን ለመቀነስ ወስኛለሁ። የሻሺቱን ልጅ በዚህ ስፈትነው ከሚዛኑ ጋር ተገጣጠመ። ለማንም አልነገርሁም፤ ሐኪሙ በገዛ ሰንጠረዡ አልተማመነም ከተባለ የሚታመን ምን ይቀራል?

የካቲት ፭

አስተዳዳሪያችን ጓድ ብዙነህ የፓርቲ እንግዶች ይዞ መጣ። መሣሪያውን እየደበደበ፣ «ይኸውላችሁ ጓዶች፣ ገና ከእናቱ ሆድ ሳይወጣ ሚዛን ላይ አወጣነው! የቀረን በቀበሌ መመዝገብ ነው» አላቸው። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ከሰው ላለመለየት ሳቅሁ። መኪናችን ለዘመቻው ከተወሰደ ወዲህ የከበደባትን እናት ወደ አዲስ አበባ መላክ እንደማይቻል ሳነሣበት ግን «እሱ በሂደት ይታያል ጓድ ዶክተር» ብሎ እንግዶቹን ወደ ሐይቁ እይታ ወሰዳቸው።

ከበረንዳው ላይ ሆነው የጫሞን ማዶ ተራሮች እያደነቁ ነበር። ዘንድሮ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ አለመልቀቁ እንዴት እንዳልታያቸው አይገባኝም።

የካቲት ፲፩

ዛሬ ከዶርዜ አንድ ሸማኔ ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ስሙ ዳልጮ፣ የእርሷ አገርነሽ። ሰባተኛ ወሯ ነው ይላሉ። እግሯና ፊቷ አብጧል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። በሽታው ከእርግዝናው የመጣ ነው፤ ፍጹም መድኃኒቱም መውለድ ብቻ ነው። ዛሬ ብትወልድ ልጁ ለመኖር ያንሳል፤ ብትቆይ ግፊቱ እርሷን አንዘፍዝፎ ይገድላታል።

ዳልጮ አማርኛው እንደ ልቡ አይሆንለትም፣ ዝም ግን አይልም። «ዶክተር፣ እሷ ሁለት ወለደ፣ ሁለቱም ሞተ። ይሄ ሦስተኛ ነው። እኔ ሌላ ሚስት አላመጣም፤ ሰው አምጣ ይለኛል፣ እኔ አላመጣም።»

ለካሁ። ውብአየሁ ቁጥሩን ከማንበቧ በፊት እንደ ወትሮዋ ጥቂት ዘገየች፤ ሰሞኑን ትደክማለች መሰለኝ። ሰንጠረዡ አንድ ሺህ ግራም አለ፤ ሩቡን ቀንሼ ሰባት መቶ ሃምሳ ጻፍሁ። ከአልጋ ሳትወርድ፣ የግፊት መድኃኒት እየወሰደች፣ ልጁ ኪሎውን እስኪያልፍ እንድትቆይ አዘዝሁ። ለዳልጮም ይህንኑ አስረዳሁት፤ አንድ ኪሎ ካለፈ እከፍታታለሁ፣ ልጁም ተስፋ ይኖረዋል።

«አንድ ኪሎ» አለ እያሰበ። «እንደ ጥጥ ነው እንግዲህ። አንድ ኪሎ ጥጥ ብዙ ነው ዶክተር፤ እቅፍ ሙሉ ነው።»

የካቲት ፲፰

ስምንት መቶ ስልሳ። እየጨመረ ነው።

ዳልጮ በሲቀላ ገበያ ጋቢ ሊሸጥ በወረደ ቁጥር ደጃፌ ላይ ይቆማል። «ዛሬ ስንት ደረሰ?» ነው ሰላምታው። ነገርሁት። «አይ ጎበዝ! ከእኔ እጅ ይፈጥናል» አለና ስለ ሥራው ያጫውተኝ ጀመር፤ በአገሩ ወግ የወለደች ሴት የአራስነት ጊዜዋን በቤት ጨርሳ፣ ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ ገበያ ወጥታ ለሕዝብ ትታያለች፤ እርሱም አገርነሽ ያን ቀን የምትለብሰውን እየሸመነ ነው። «ሁለት ጊዜ አልወጣም፣ ገበያ አላየውም» አለ። እናቱ ግን ልጁን ሳይወለድ መመዘናችን ጎሜ ነው፣ ነውር የሆነ ነገር መተላለፍ ነው፣ መዘዝ ያመጣል ብላ ተቆጥታዋለች። «እኔ፣ እማ፣ ዶክተር እኮ ሽማግሌ ነው፣ ሽማግሌ ጎሜ አይሠራም አልኳት።»



የካቲት ፳፪

ወደ መሣሪያው ክፍል ስገባ ሲስተር ውብአየሁና ጽዳት ሠራተኛዋ አበቡ እየተነጋገሩ ደረስሁባቸው።

«አንቺ ለምን አትነግሪያቸውም?» አበቡ ናት።

«ማን? እኔ? እሳቸውን? አፈር አልበላም?»

«ታዲያ እንዲሁ…»

«ዝም በይ እስቲ፣ መላ አበጅቼለታለሁ» አለች፤ እኔን ስታይም ሁለቱም መጋረጃ ማስተካከል ያዙ።

ስለ ጓድ ብዙነህ መሆን አለበት። ባለፈው ሳምንት የሠራተኛውን ቡና መግዣ አስቀርቷልና።

አገርነሽን ሳያት ቆየሁ። ፊቷ ከትናንት ይልቅ አብጧል። ሽንቷን ፈተንነው፤ ብሷል። ደረጃዎቹን ስወርድ አንዱን ስቼ ክንዴን ከግድግዳው ጋር ላተምሁት፤ እነዚህን ደረጃዎች የሠራቸው ግንበኛ ልኩን አያውቅም ነበር። በልኬት ከሚሠሩ ሁሉ መካከል እንደ እኔ የሚጨነቅ ይኖር ይሆን? አናጢ ቢሳሳት በሩ አይገጥምም፤ ልብስ ሰፊ ቢሳሳት እጅጌው ያጥራል፤ እኔ ግን ከቆዳና ከሥጋ ጀርባ የተሰወረውን፣ መዳፍ የማይሞላውን፣ ከዚህ ዓለም ብርሃን ገና አንዲት ጨረር ያልደረሰውን ፍጥረት በጥላው ዳርቻ እለካለሁ፤ ጥላው በፀጉር ስፋት ከተንሸራተተብኝም ያ የፀጉር ስፋት በሰንጠረዡ ላይ ተባዝቶ ሕይወት ወይም ሞት ሆኖ ይመለሳል። እነዚህ ከሁሉ የሚያንሱት ሲሆኑ ደግሞ ለስሕተት የሚተርፍ ቦታ የላቸውም።

የካቲት ፳፮፣ ጠዋት

አገርነሽ ራሷን እጅግ ያማታል። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ አለ። ዛሬ መውለድ አለባት። ሌላ መንገድ የለም።

ለካሁ። ውብአየሁ አነበበች። ሰንጠረዡ፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ሩቡ ሲነሣ፤ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት።

ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት!

ያው፣ ምሳ ሰዓት

የጎደለው ሃያ አምስት ግራም ነው፤ አንድ እፍኝ ጤፍ የማይሞላ። ደንቡን ላልፈው እጄን አንሥቼ ነበር፤ ወዲያው ሻሺቱ ታየችኝ። በተስፋ ላይ ተስፋ ደርቤ ሁለተኛይቱን ሴት ልቀድ? ይህችም ደግሞ ወደ ዶርዜ ትውጣና፣ ጠባሳው አንድ ቀን ይፈንዳ? አልሆነም። የምጥ መርፌ በግሉኮስ እንዲሰጣት አዘዝሁ። በምጥ ቢወለድ ልጁ እንደማይችለው አውቃለሁ። ለዳልጮ፣ «እናቲቱን እናድናለን» አልሁት። ሌላውን አልጠየቀኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን እየተመለከተ ነው።

የካቲት ፳፯

ሞቶ ተወለደ። ወንድ።

እርሷ ድናለች።

የካቲት ፳፰

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። ምጡ ከገፋ በኋላ ውብአየሁ የእንጨት ማዳመጫውን ከአገርነሽ ሆድ ላይ ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ የልቡ ምት እየወረደ ነው። እንክፈታት?» አለች።

«ለዘጠኝ መቶ ግራም?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የሆነ ቃል እስከ ጥርሷ መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማዳመጧን ቀጠለች፤ የሚደመጥ ነገር እስኪጠፋ ድረስ።

ሕፃኑን ከሚዛኑ ላይ ያኖርሁት ራሴ ነበርሁ። ውብአየሁ አነበበች፤ «አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥር።» እንደገና አንብቢው አልኋት። አነበበች። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ አበቡን የመድኃኒት ቤቱን ሚዛን አስመጣኋት፤ እርሱም ያንኑ አለ። እንግዲህ ያ ልጅ ከብዙ ቀን በፊት፣ እኛ «ዛሬ ስንት ደረሰ?» እያልን ስንጠብቀው፣ ኪሎውን አልፎ፣ ከበሩ ቆሞ ያንኳኳ ነበር፤ በሩን የያዝሁትም እኔ ነበርሁ።

ሩቡ በሻሺቱ ልጅ ላይ እውነት ነበር። በዚህኛው ለምን ሐሰት ሆነ? ሰንጠረዡን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አልገባኝም።

መጋቢት ፪

ገባኝ።

ሲስተር ውብአየሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጥታ በሩን ዘጋችው። ተቀመጪ አልኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ትያለሽ?»

«ከቁጥሩ ላይ እየቀነስኩ ነበር የማነብልዎ። ከሻሺቱ ወዲህ። ምልክቱ ከአጥንቱ ውጪ ሲያርፍ አያለሁ፤ የሚተርፈውን ሚሊሜትር በዓይኔ እገምትና ቀንሼ እናገራለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንድ ቀን ሞክሬ ነበር፤ ተቆጡኝ። በእርስዎ ላይ እንዴት አድርጌ ደግሜ ልናገር? አባቴ ቢሆኑ እንኳን ይቀል ነበር። ስምዎ እንዳይነሣ፣ ልኩም እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ቀንሼ ባነብልዎ ትክክል ይመጣል ብዬ… አብዝቼ ቀንሼ መሆን አለበት። እኔ ነኝ።»

አብዝታ አልቀነሰችም ነበር። ሰንጠረዡ በመጨረሻው ቀን የሰጠኝ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ነው፤ ሚዛኑ ካለው የሚያንሰው በአሥር ግራም ብቻ። የዚህች ልጅ ዓይንና እጅ እውነቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። እኔ ነኝ ከዚያ ላይ ሩቡን የቆረጥሁት።

ዝም ብል እርሷ ተሸክማው እንደምትኖር ታየኝ። ዝምታው ደግሞ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነበር! ጥቂት፣ ምናልባትም ከጥቂት የሚበልጥ ጊዜ፣ ዝም አልሁ። ከዚያ፣ «እኔም ቀንሼ ነበር» አልኋት።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ሩቡን። ከሰንጠረዡ ላይ። ሰንጠረዡ ያበዛል ብዬ።»

«እኔ ከቀነስኩት ላይ?»

«አንቺ ከቀነስሽው ላይ።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንደ ሳቅ ያለ ነገር ከአፏ ወጣና በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ሁለታችን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መሣሪያ፣ ክንድ ለክንድ እየተነካካን፣ አንዳችን ለአንዳችን ክብር ስንጠነቀቅ፣ ያን ሕፃን ተራ በተራ ላጭተን አሳነስነው።

ከቆይታ በኋላ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ግን…» አለች።

«መብራቱ ደካማ ነው» አልሁ። «ጄነሬተሩ ኃይል የለውም፤ ከገና ወዲህ ስናገር ነበር።»

አየችኝ። ተነሣች። መቀመጫውን ወደ ቦታው መለሰችው።

«አዎ ጋሼ» አለች። «መብራቱ ነው።»

መጋቢት ፭

ጓድ ብዙነህ ስለ ሟቹ ለበላይ አካል የሚላክ ሪፖርት ጠየቀኝ። ሰንጠረዡ ለአገራችን ፅንሶች የማይስማማ ሆኖ መገኘቱን፣ መሣሪያውም በበቂ ኃይል አለመሥራቱን ገልጬ ጻፍሁ። ውብአየሁን አላነሣሁም። ይህን ያደረግሁት ለእርሷ ብዬ ነው።

አንብቦ፣ «ስለዚህ ጥፋቱ የሰንጠረዡ ነው?» አለ።

«የሰንጠረዡ ነው።»

«ይሻላል። ሰንጠረዥ ዘመድ የለውም፣ አቤቱታ አያቀርብም» ብሎ ማኅተሙን መታበት። መሣሪያው ሌላ ሰንጠረዥ እስኪመጣ በሸራ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ከጀርመን ማን ያመጣዋል? እንግዲህ ከደጋ የሚወርዱት እናቶች በእጅ ብቻ ይዳሰሳሉ። መጥፎ አይደለም፤ እጄ ገና ጤነኛ ነው።

ሸራውን ያለበሰችው ውብአየሁ ናት። ስለ ጽሑፉ ምንም አላለችኝም። ምንም አለማለቷ ከሁሉ ይልቅ ያደክመኛል።

መጋቢት ፱

ዝናቡ ገብቷል። አገርነሽ ዛሬ ወጣች። እብጠቱ ጎድሎ ፊቷ አጥንት ሆኗል፤ ለካ ገና ልጅ ናት። ዳልጮ እኔን ሲያይ እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ሰላምታው ግን ጠፍቶበት ኮፍያውን ብቻ አወለቀ። እናቱ የተናገረችውን ጎሜ ያነሣብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የመድኃኒቷን አወሳሰድ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ሁለት ጊዜ ደገመው።

አገርነሽ አማርኛ አትናገርም፤ በአልጋው ላይ በከረመችበት ጊዜ ሁሉ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠችም። ዛሬ ግን በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና በጋሞኛ የሆነ ነገር አለችው። ዳልጮ አንገቱን ደፋ። ደገመችለት።

«ዶክተር፣ 'ልጄ ትንሽ ነበረ?' ብላ ጠይቅ አለችኝ።»

ውብአየሁ ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ ነበረች፤ የያዘችውን ሳህን ሳታስቀምጥ ቆመች። ይህችን ሴት በሕይወት ዘመኗ ሁሉ በሚበላት እውነት ከመሸኘት፣ እግዚአብሔር ከመጀመሪያው አሳንሶ ፈጥሮት ነበርና ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም ብላ እንድታምን መተው የሐኪም ርኅራኄ ነው ብዬ አሰብሁ። ለእርሷ ብዬ እንደሆነ አሁንም አምናለሁ።

«ትንሽ ነበረ በላት» አልሁ። «እጅግ ትንሽ።»

ነገራት። ሁለት ክንዶቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ሕፃኑ ከመቀበሩ በፊት አንድ ጊዜ ሰጥተናት እንዳቀፈችው አድርጋ አጠፈቻቸውና እነርሱን እያየች ተናገረች።

«'እኔ ግን ሳቅፈው ከበደኝ' ትላለች» አለ ዳልጮ።

ከዚያም ሁለቱም፣ ውብአየሁም ጭምር፣ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ዶክተር፣ ምን ብዬ ልመልስላት?»